ጥላው ገብቷል

ቡሬ፣ ጥር 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ ራጂያ፣

እንኳን አረፋን በሰላም አሳለፋችሁ። እኔን እንዴት ነሽ አትበይኝ፤ ያው በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው እንዴት ይሆናል? አነጥሳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሰው ይነካኛል፣ እሳደባለሁ፣ እንደገና አነጥሳለሁ።

ደብዳቤሽ በሚኒባሱ ረዳት እጅ ደርሶኛል። ከእናትሽ ጋር ቅዳሜ ለገበያ ከፍኖተ ሰላም እንደምትመጪ ሳነብ ዘለልኩ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ደሞ ቁጭ አልኩ። «መጽሐፉን ያን ጊዜ እወስደዋለሁ፤ ከሴቶቹም ጋር ታስተዋውቂኛለሽ» ይላል። በሞቴ ራጂያ፣ ከመኪና ሳትወርጂ ይሄን ደብዳቤ ጨርሺው። ሳታነቢው ከወረድሽ ጉዴ ይፈላል። የኔ ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም፤ እኔ ጉድ ለምጃለሁ። የአንዲት ደግ ሴት ጉድ ነው።

ደሞ «ሰሞኑን የምታነቢው ምን ዓይነት ነው? አሁንም መርማሪ ብቻ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የሱ መልስና የጉዴ መልስ አንድ ስለሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

ስምንተኛ ክፍል ትዝ ይልሻል? እኔ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ ከሌለ አልገልጥም። አንቺ ደሞ ወንድና ሴት ጀርባ ተሰጣጥተው የሚያለቅሱበት ካልሆነ አትነኪም። ስንለዋወጥ እኔ ያንቺን «ለምን አትነግረውም! ንገሪውና እንገላገል!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ አንቺ የኔን ገጽ ሃያ ላይ ትተሽ መጨረሻውን ታዪና «ገዳዩ ወንድሙ ነው» ትዪኛለሽ። ያኔ ሁለት ቀን ያኮረፍኩሽ ለዚያ ነው። ዛሬም አልለቀቀኝም።

ስለ ዘጠነኛ ክፍሉ ቀን ግን አውርተን አናውቅም። ዛሬ ላውራው። መምህሩ ከኔ ዴስክ ሥር ያወጣው መጽሐፍ ያንቺ ነበር። «የማን ነው?» ሲል ልትነሺ ስትይ እግርሽን ረገጥኩሽ። «የኔ ነው» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። «እኔ ከማስተምረው ይሄ ይበልጣል?» ሲለኝ «እሱ እንኳን መጨረሻ አለው» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ ያኔ አጨዳ ላይ ነበር። ማጭዱን ጥሎ ለኔ አፍ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ ታየኝና አላመጣም አልኩ። አንድ ቀን ቀረሁ፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ንዴት እንዲህ ነው፤ ዘለሽ ትገቢበታለሽ፣ ለመውጣት ግን ሰው ያየኛል ብለሽ ታፍሪያለሽ። እናንተ ሱቁን ይዛችሁ ፍኖተ ሰላም ከገባችሁ ወዲህ በየወሩ መጽሐፍ ተከራይተሽ የምትልኪልኝ የዚያን ቀኑን ለመካስ እንደሆነ አውቃለሁ። የምትክሺው የለም። እግርሽን የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ አፌንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አሁን የምውለው አቶ ባምላኩ የሚባሉ የእህልና የበርበሬ ነጋዴ ግቢ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ክምሩን ከበን የዛላውን ጭራ እንቀነጥሳለን። መጀመሪያ ሰሞን በምሳ ሰዓት ጥግ ይዤ ሳነብ ሀብትነሽ አየችኝ። ሀብትነሽ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠናለች፤ ስትስቅ መንገድ ላይ ይሰማል። አንዴ ስም ካወጣችልሽ እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ቀረ ማለት ነው።

«አንቺ፣ ለብቻሽ የምትስቂው ምን ይዘሽ ነው?»

«መጽሐፍ።»

«እኛስ ጥርስ የለንም? ወይ ጮክ በይ ወይ ዝጊው!»

ልሰድባት አፌን ከፈትኩና ሳላስበው አነበብኩላት። በዚያው ቀረ። አሁን ሥራዬ ማንበብ ነው። የኔን እንቅብ እነሱ ይሞሉልኛል፤ እያንዳንዷ ከቀነጠሰችው ላይ እፍኝ እፍኝ ወደኔ ትወረውራለች። ታሪኩ ሲደምቅ እንቅቤ ቶሎ ይሞላል፣ ሲቀዘቅዝ ባዶውን ይውላል። የትኛው ገጽ ጥሩ እንደሆነ የማውቀው በእንቅብ ሆነ እልሻለሁ።

መጀመሪያ ያነበብኩላቸው ያንን የምወደውን መርማሪ ነበር። ገጽ አንድ ላይ ሬሳ ይገኛል፤ ገጽ ሁለት ላይ መርማሪው ሲጋራውን ለኩሶ የጣት አሻራ ይፈልጋል። እትዬ አስካለ ማርያም እጃቸውን አነሱ። ከሁላችንም በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም።

«ቆይ ቆይ። ሟቹን ማን አለቀሰለት?»

«ማንም።»

«እናት የለውም?»

«አልተጻፈም።»

«ተቀበረስ?»

«እሱም አልተጻፈም።»

«አበስኩ ገበርኩ! ሰው ሳይቀበር ወሬ ማሳደድ ምን የሚሉት ነው?»

እንቅቤ ባዶ ሆነ። ያንቺንም ሞከርኩት። ሰውየው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ መስኮት ሥር ይቆማል። ሀብትነሽ «ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ የለውም እንዴ?» አለች። እትዬ አስካለ ደሞ «ከሁሉ ከሁሉ፣ መቼ ሠርቶ ነው የሚበላው?» አሉ። ባዶ እንቅብ።

መጀመሪያ ተናደድኩባቸው። እነሱ ምን ያውቃሉ፣ አልኩ በሆዴ። በኋላ ግን ብቻዬን ሳነብም ድምፃቸው ይመጣብኝ ጀመር። ይሄ ሰው ምን ሠርቶ ይበላል? ይቺ ልጅ ስትጠፋ ጎረቤት አልጠየቀም? እንዲህ እያልኩ ሳነብ ሽጉጡ ሁሉ እጄ ላይ ረገፈ። ሽጉጥ ይዞ የሚሮጥ ሰው ሁሉ አንድ ነው ራጂያ፤ ልብስ የምታጥብ ሴት ግን ሁሏም የየራሷ አስተጣጠብ አላት።

ይሄን ያወቅኩት ያንን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ስትልኪልኝ ነው። ርዕሱን አንቺም አታውቂው፣ አከራዩ ጋሽ ጁማም አያውቁት። የድሮዋ እኔ ብሆን ለመጠቅለያም አልፈልገው። ፋናዬ የምትባል ሴት አዲስ አበባ በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ ናትናኤል የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ አላት፤ በቃ። ውሃው ይቀዘቅዛታል፣ ልጁ ሳሙናውን ይደብቅባታል፣ ትስቃለች። እንቅቤ ግን በቀን ሦስቴ ሞላ! ሀብትነሽ እንኳን ማሾፍ ትታ «ናቲ ዛሬ ምን ሠራ?» እያለች በር ላይ ትጠብቀኝ ጀመር።

ከዚያ ናቲ ታመመ። ፋናዬ በትኩሳት የሚነደውን ልጅ አዝላ ወደ ሆስፒታል ስትሮጥ የእኛ ፀሐይ ጠለቀችና ሥራ አበቃ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። ሁላችን ፊት እጃቸውን ወደ ማርያም ደብር ዘረጉና «እመቤቴ፣ ይሄን ልጅ ብታተርፊልኝ ለጥር ሃያ አንድ ጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ።

አትሳቂ። እትዬ አስካለ በዕድሜያቸው ሲነበብ የሰሙት መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነበበው ብቻ ነው። እሱ ላይ ያለ ሰው የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ለሳቸው ፋናዬም አለች፤ እዚያ አዲስ አበባ ይኸኔ ልብስ እየጨመቀች ነው። ስለት ደሞ ይወዳሉ፤ ለጎረቤት ላም እንኳን ተስለው ላሟ በሰላም ወልዳለች።

እኔ ትዕግሥት የት አውቄ፤ መጽሐፉን ቤት ወስጄ ጨረስኩት። መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ታችኛዎቹ አራት መስመሮች፤ ልጁ ይሞታል። በአራት መስመር! መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። አነሣሁትና ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ «ጨካኝ!» ብዬ ጻፍኩበት። ጋሽ ጁማ ሲያዩት እንዳይቆጡሽ፣ እኔ ነኝ በያቸው።

በማግስቱ ሁሉም ከኔ ቀድመው ተቀምጠዋል። ገጹን ገለጥኩ። አራቱን መስመር አየሁ። ቀና ስል እትዬ አስካለ ዛላውን በእጃቸው እንደያዙ አፍ አፌን ያያሉ። አፌ እምቢ አለ። ለስድብ እምቢ ብሎ የማያውቅ አፍ!

«ናትናኤል...» አልኩ፤ «ናትናኤል ዓይኑን ገለጠ።»

ከዚያ ወዲያ ማን እንደተናገረ አላውቅም። ትኩሳቱ በላብ ወጣ። ፋናዬ ግንባሩን በከንፈሯ ስትነካው እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ልጁ «እማ፣ ራበኝ» አለ። ፋናዬ የምትሰጠው አጥታ ዙሪያዋን ስታይ፣ ከጎን አልጋ ያለችው አስታማሚ አገልግሏን ፈትታ ፍትፍት አጎረሰችው። ያቺን አስታማሚ የቡሬ ሴት አደረግኋት። ሰው ካገር ልጅ ውጭ ማን ያዝንለታል?

እልልታው ሲቀልጥ አቶ ባምላኩ ከመጋዘን ሮጠው መጡ።

«ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?»

«ልጁ ዳነ!»

«የማን ልጅ?»

«የፋናዬ!»

«እሰይ፣ እሰይ» አሉና ፋናዬ ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ ተመለሱ።

ባለፈው ዓርብ ደሞ ማርያም ነበረች። እትዬ አስካለ ለበዓሉ ሊገዙት ያሰቡትን ነጠላ ትተው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ይዘው መጡ። ስለት የሚቀበለው ዲያቆን ድምፅ ማጉያውን ወደሳቸው አስጠጋ።

«እናታችን፣ ስለቱ ስለምን ነው?»

«ልጅ ታሞ ድኖ።»

«የማን ልጅ?»

«የፋናዬ።»

«የት ያለችው?»

«አዲስ አበባ ናት። ይቺ ልጅ ታውቃታለች» ብለው ጣታቸውን እኔ ላይ!

ዲያቆኑ አየኝ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ምን ላድርግ?

«እነሆ! በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖር ሕፃን ናትናኤል በእመቤታችን አማላጅነት ከጽኑ ደዌ ተፈውሷል! እልል በሉ!»

ያ ሁሉ ሕዝብ እልል አለ። ከበሮው ተመታ። እኔም እልል አልኩ፤ ከዋሸሁ አይቀር ብዬ ከሁሉም አስበልጬ።

አሁን ችግሩ አንቺ ነሽ። እትዬ አስካለ «የመጽሐፉ ባለቤት ቅዳሜ ትመጣለች» ብለው ለፋናዬ የሚላክ በርበሬ እየቋጠሩ ነው። አዎ፣ በርበሬ! አንቺ አድርሺልኝ ሊሉሽ ነው። ሀብትነሽ ደሞ «መጨረሻውን በራሷ አፍ አስደግማታለሁ» ብላለች፤ የጠረጠረች ይመስለኛል። አንቺ መዋሸት አትችዪም፣ አንገትሽ ይቀላል። እውነቱ ከወጣ እትዬ አስካለ ቡሬ ላይ «ለወረቀት ልጅ ጥላ ያስገቡት ሴትዮ» ተብለው ሊቀሩ ነው። እኔ ላይ ይሳቁ። እሳቸው ላይ ሲስቁ ግን ቆሜ አልሰማም፤ ከሰው ጋር ደም እቃባለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ሲጠይቁሽ «ልጁ ድኗል» በዪ። ሁለት ቃል ናት። በርበሬውንም ተቀበዪ።

ሐሙስ፣ ጥር 27

ራጂያ፣ ደብዳቤውን ትናንት አጥፌ መናኸሪያ ወሰድኩት። ረዳቱ «አምጪው እንጂ!» እያለ እጁን ዘርግቶ እኔ አልሰጥም አልኩ። ያኔ ክፍል ውስጥ እግርሽን የረገጥኩሽ እንዳትዋረጂ ነበር። አሁን ደሞ እንድትዋሺ ልረግጥሽ? ይዤው ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ሌሎቹ ሳይመጡ ግቢ ገባሁ። እትዬ አስካለ ሁልጊዜ ቀዳሚ ናቸው፤ ብቻቸውን ክምሩ ሥር ተቀምጠዋል። የፋናዬ በርበሬ በጨርቅ ተቋጥሮ አጠገባቸው ነው።

«እትዬ አስካለ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ማንን ሰደብሽ?»

«ማንንም።»

«እንግዲያ ምንም አላጠፋሽም። ተቀመጪ።»

«ናቲ አልዳነም።»

አንድ ዛላ አነሱና ቀነጠሱ። «አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ወረቀቱን አላገላበጥሽማ! ፊደል ባላውቅ ዓይን የለኝም? ሌላ ጊዜ አንድ እንቅብ እስኪሞላ አራት አምስቴ ታገላብጫለሽ። የዚያን ቀን እንቅቡ ሞልቶ ፈሰሰ፣ አንቺ እዚያው ወረቀት ላይ ነሽ። ደሞ ወረቀቱን አልነበረም የምታይው፤ እኔን ነበር።»

«ታዲያ እያወቁ ጥላውን አስገቡ?»

«ስለቴ ሠምሯላ! እኔ አትርፊልኝ አልኳት፤ እሷ ባንቺ አፍ አተረፈችው። እመቤቴ በየትኛው አፍ እንደምትሠራ እኔ ልምረጥላት? ካንቺ አፍ ደግ ነገር ወጥቶ ማየቱ ራሱ ጥላ ይገባዋል!»

ሳቄ አመለጠኝ። ግን ገና ግማሹን ነው የተናዘዝኩት።

«ሌላም አለ። ፋናዬ ራሷ የለችም። ደራሲው ነው የፈጠራት።»

ይሄን አላወቁም ነበር። እጃቸው ቆመ።

«የለችም?»

«የለችም።»

«ታዲያ የት አይቷት ጻፋት?»

«ከጭንቅላቱ አውጥቶ።»

ቋጠሮውን አዩት። ፈታ አድርገው መልሰው ቋጠሩት። ተቀየሙኝ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

«እንግዲያ ሰውየውም ገጽ ሳያገላብጥ ነው ያነበበው በይኛ። እንዳንቺው።»

«እ... አዎ። እንደኔው።»

«እስቲ የሱን መጨረሻ አንብቢልኝ። እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።»

አራቱን መስመር እንዳለ አነበብኩላቸው። ያን መጽሐፍ ስንት ጊዜ ሰድቤው እውነተኛውን መጨረሻ ጮክ ብዬ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን በእጃቸው ሊጠርጉ ሲሉ በርበሬው ትዝ አላቸውና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«አጠረ። ልጅ ሞቶ እንዲህ አያጥርም። ለቅሶው የታለ? እናትየዋን ማን ደገፋት? ቸኩሏል ሰውየው፤ ርቦት ይሆናል።»

ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «እንግዲህ ስሚ። ጥላው ገብቷል።»

«አዎ።»

«የገባ ጥላ አይወጣም። ሕዝብም እልል ብሏል። ስለዚህ ልጁ መዳን አለበት። ጻፊው!»

«ምኑን?»

«ያልሽውን ነዋ! እዚያው መጽሐፉ ላይ ጻፊው። እመቤቴ ፊት ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ሁሉን ራሳቸው አወሩት፤ ማንም ቀድሞ እንዳይስቅ ራሳቸው እየሳቁ። ሀብትነሽ ጉልበቷን መታች። «እኔ የነቃሁት ፍትፍቱ ላይ ነው! የቡሬ ሴት ለማታውቀው ሰው አገልግል ስትፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች። ትፈታለች አትፈታም የሚለው ጭቅጭቅ ግማሽ ጆንያ በርበሬ ጨረሰ። በመጨረሻም ስም አወጣችልኝ፤ በሞት አፋፍ ያለ ልጅ ያዳንኩ ነኝና «ሐኪሟ» ተብያለሁ። አቶ ባምላኩ ሳይቀሩ «ሐኪሟ፣ እንቅቡን አቀብዪ» አሉኝ።

ስጽፍ የዋልኩት ዘጠነኛ ክፍልን ሳቋርጥ ባዶውን በቀረው ደብተሬ ላይ ነው። ሦስት ቅጠል ቀደድኩ። ሁሉም አዘዘኝ! ሀብትነሽ ለፋናዬ ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሪላት አለች፤ ጨመርኩ። አስታማሚዋ ስም ይውጣላት ተባለ፤ «አስካለ» አልኳት፤ እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፍተው አፈሩ። እየጻፍኩ ያወቅኩትን ልንገርሽ፤ ሰው መግደል አራት መስመር ይበቃዋል፣ ማዳን ግን ሦስት ቅጠል ፈጀብኝ፣ እጄም ዛለ። ለደራሲው ትንሽ አዘንኩለት። ያንን «ጨካኝ!» ያልኩትን ሰርዤ «ቸኩለሃል» ብዬ አስተካክዬዋለሁ። አራቱን መስመርም ልሰርዝ ነበር፤ እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። «የሰውየውን ተዪለት። ደክሞበታል» አሉ። ቅጠሎቹን ከገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ኋላ በሊጥ አጣብቄያቸዋለሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ምንም አትዋሺ፤ አንገትሽን አሳርፊው። የላይኛውንም ልመናዬን ያልቀደድኩት እንድትስቂብኝ ነው። በርበሬው ላንቺ ሆኗል፤ «ለፋናዬ ያልኩት ፋናዬን ለላከችልን ይሁን» ብለዋል። መጽሐፉን ለጋሽ ጁማ እንዳለ መልሺላቸው። ከኛ በኋላ የሚከራየው ሰው ሁለት መጨረሻ ያገኛል፤ በአንድ ኪራይ! የቱን እንደወደደ ግን ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አዲስ ስታመጪ ሽጉጥ የሌለበት፣ ሰዎቹ ሥራ ያላቸው ይሁን። መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ። ደሞ ከሱቃችሁ ደህና ማጣበቂያ ያዢልኝ፤ ሊጡን አይጥ ይበላብኛል።

ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ ቀድሜሽ እቆማለሁ። መጽሐፉ በርበሬ ጠጥቷልና ስትገልጪው ማስነጠስሽ አይቀርም፤ ከኋላሽ አሥራ አንድ ሴት በአንድ አፍ «ይማርሽ!» ሲል እንዳትደነግጪ።

እግርሽን የረገጠችው፣
ሠርክአዲስ (የቡሬዋ ሐኪም)